ስድስት ይሁን ስድሳ፦ አንድ የአጭር ሞገድ ራዲዮ በአፈና ፊት

«የትኛውንም አፈና ሰብሮ ያሰማል» ይላል በካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት። ሻጩ ራሱ በወፍራም እስክሪብቶ የጻፈው ነው። አፈና ማለት አንድ ጣቢያ እንዳይሰማ ሆን ብሎ በሞገዱ ላይ ጩኸት መልቀቅ ነው። ራዲዮውን የገዛሁት መርካቶ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በ14,000 ብር ነው። ሱቋንም ሆነ የራዲዮውን ሥሪት በስም አልጠራም፤ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት የቻይና ራዲዮዎች ውስጣቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። «የትኛውንም» የሚል ቃል ሳይ ማረጋገጫውን እስካገኝ ድረስ ዕረፍት የለኝም። ስለዚህ ራዲዮውን ይዤ ወደ ቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩና ሁለት ወር ሙሉ ፈተንኩት።

አስቀድሜ ዕቃውን ልንገራችሁ። መጠኑ ከአንድ የኪስ ዳዊት ብዙም አይበልጥም። የሚሠራው በድሮ የእጅ ስልክ ባትሪ ነው፤ ይህን የመረጠ መሐንዲስ ይባረክ፣ ባትሪው ቢደክም ምትኩ በየትኛውም የስልክ መጠገኛ ይገኛል። አጭር ሞገድን ሙሉውን ይይዛል። የሚቀበለውን የሞገድ ስፋት የሚያጠብና የሚያሰፋ ቁልፍ፣ ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን የሚያስታውስ ማኅደር፣ የውጭ አንቴና መሰኪያ፣ ጥቅል የሽቦ አንቴናም አለው። ድምፁ ለትንሽነቱ ጥሩ ነው፤ የሴት አንባቢ ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል፣ የወንድ ድምፅ ግን ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

ማንም ሆን ብሎ በማይረብሸው ሞገድ ላይ ራዲዮው በጣም ያስደስታል። በሞገድ ርዝመታቸው ከሚጠሩት የአጭር ሞገድ ክልሎች ቀን 19 ሜትርና 16 ሜትር፣ ማታ 31 ሜትርና 41 ሜትር፣ ሽቦውን ከጣሪያው ጫፍ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ ዘርግቼ ሩቅ ሩቅ ያሉ ጣቢያዎችን ሰምቻለሁ። የዘመናችን ትልቁ እንቅፋት በየቤቱ የገባው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ አምፖል፣ የጎረቤት ስታብላይዘር ሁሉም በአጭር ሞገድ ላይ ያፏጫሉ። አንድ ማክሰኞ ምሽት በሰፈሩ መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ራዲዮው ከጉም እንደ ወጣ ተራራ ጥርት አለ። በጨለማው ግቢ ውስጥ ጋቢ ደርቤ እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጥኩ።

ይህ ሁሉ ግን የተፈጥሮና የአጋጣሚ ጫጫታ ነው። ወረቀቱ የሚለው ስለ አፈና ነው። ጫጫታና አፋኝ አንድ አይደሉም፤ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ በፊት በአባቴ ቤት ነው።

በ2002 ዓ.ም. መጋቢት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማፈን አቅም እየተገነባ እንደነበር በአደባባይ ተናገሩ፤ ጣቢያውንም የዘር ጭፍጨፋውን ካነሣሣው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አመሳሰሉት። በዚያ ሰሞን አባቴ ቤት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ራዲዮ ይከፈት ነበር። አባባ በ31 ሜትር፣ ጎረቤታችን መቶ አለቃ በ25 ሜትር፣ እኔ በ19 ሜትር። አንድ ስርጭት በተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች ስለሚተላለፍ አንዱ ቢታፈን ሌላው ይከፈታል ብለን ነበር። አንድ ማታ አንድ ቁጥር ተነገረ። ዜናው ራሱ ከአሳቤ ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን አልጠፋም።

«ስድሳ ነው ያለው» አሉ አባባ።

«የለም፣ ስድስት ነው» አሉ መቶ አለቃ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ ራዲዮ ግን እንደ ክረምት ፏፏቴ ብቻ ይጮኽ ነበር። አንድ ለአንድ ሆኑ፤ ሦስተኛው ምስክር አፉ ተይዟል። ሁለት ሽማግሌዎች ለብዙ ደቂቃ ተከራከሩ። ስርጭቱ ሊያልቅ ሲል አንባቢው አርዕስተ ዜናውን ደገመ፤ በዚያች ቅጽበት 19 ሜትር ላይ ፏፏቴው ሳሳና «ስድስት» የሚለውን እኔ ራሴ ሰማሁ። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው «አዎን፣ የእኔ ጆሮ ጫጫታውን ሞልቶበት ነው» አሉ። እንዲህ በግልጽ ሲያምኑ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

ያ ምሽት እስከ ዛሬ ያስተምረኛል። የእኔ ራዲዮ ምንም እንዳልሰማ ያውቅ ነበር፤ የአባባ ራዲዮ ግን የተሳሳተ ነገር ሰጥቶ እውነት አስመስሎታል። የጠፋ ቃልና የተለወጠ ቃል ዋጋቸው ለየቅል ነው። አንድ መልእክት በሦስት ቅጂ ቢላክና አፋኙ ሁለቱን ቢያጠፋቸው፣ መጥፋታቸውን ስለምናውቅ የቀረው አንዱ ይበቃናል። ሁለቱን ለውጦ ሐሰት ቢያደርጋቸው ግን ድምፅ ስንቆጥር ሐሰቱ ያሸንፋል። ስለዚህ በጩኸት የሚያፍን ሰው ከቀጣፊ ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ ማፈኑን ይነግራችኋል። ዛሬ በስልክ ተቆርጦና ተቀጥሎ የሚመጣው ንግግር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው፤ ያ ድምፅ ምንም ጫጫታ የለበትም።

ይህን በቁጥር የለካው ሰው ሪቻርድ ሃሚንግ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ሲሠራ ቅዳሜና እሑድ ሒሳቡን ለማሽን ሰጥቶ ይሄድ ነበር። ማሽኑ ስሕተት ሲያገኝ ስሕተት እንዳለ ያውቃል፤ ግን ማረም ስለማይችል ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃሚንግ ሰኞ ሲመለስ ባዶ እጁን ይቀራል። ማሽኑ ስሕተቱ መኖሩን ማወቅ ከቻለ የት እንዳለ አውቆ ለምን አያርመውም ብሎ ተነሣ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ መልሱን ሰጠ። ምስጢሩ ርቀት ነው። ሁለት ቃላት የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ፤ ቃላቱ እርስ በርስ በተራራቁ መጠን የተበላሸውን ወደ ቀረበው ቃል መመለስ ይቻላል። ግን የሚታረመው ከርቀቱ ግማሽ በታች ብቻ ነው። ግማሹ ላይ ሲደርስ የተበላሸው ቃል ከሁለቱም እኩል ይርቃል፤ ያን ጊዜ ማንም ሊፈርድ አይችልም።

አማርኛችን በቁጥር ላይ ርቀቱ አጭር ነው። ስድስትና ስድሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ አምስትና አምሳ። ጫጫታው የቃሉን ጅራት ከበላው ቁጥሩ አሥር እጥፍ ይሆናል። የጥንት የዜና አንባቢዎቻችን ቁጥርን ረገጥ አድርገው፣ አንዳንዴም ደግመው የሚያነቡት በከንቱ አልነበረም። ዛሬ ያን ልማድ የተዉትን ስሰማ እቆጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በዚያው ቤል ላቦራቶሪ ክላውድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ጫጫታ ያለበት መስመር ምን ያህል መልእክት በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚያሳልፍ አሳየ። መልእክታችንን በዜሮና በአንድ እንጻፈው። ጫጫታው በዘፈቀደ ከ100 ምልክት 25ቱን ቢገለብጥብን እንኳን፣ ረጅም ኮድ (መልእክትን እርስ በርስ በተራራቁ ቃላት የመጻፊያ ስልት) ከተጠቀምን 100ው ምልክት ወደ 19 የሚጠጋ እውነተኛ መልእክት ይሸከማል። ከ100 አርባውን ቢገለብጥም ጥቂት ያልፋል፤ መልእክቱ ይንቀራፈፋል እንጂ አይሞትም። ዘፈቀደ ጫጫታ የትኛው ቦታ እንደሚጎዳን አያውቅምና።

ባላጋራ ግን ያውቃል። ኮዳችንን ያነባል፣ የላክነውን ያያል፣ ከዚያ የሚጎዳውን ቦታ መርጦ ይመታል። በኮዱ ውስጥ ያሉት ቃላት እየበዙ ሲሄዱ ከመካከላቸው ሁለቱ ከግማሽ ቦታ በላይ ሊለያዩ አይችሉም፤ ይህ በ1960 እ.ኤ.አ. ፕሎትኪን የተባለው የኮድ ተመራማሪ ያሳየው ነው። የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው። ስለዚህ ባላጋራው ከ100 ምልክት 25ቱን የመለወጥ ሥልጣን ካለው የተላከው ቃል ይህ ብቻ ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ያው 25 ነው! በዘፈቀደ ሲሆን ይታለፋል፤ በክፉ እጅ ሲገባ በሩን ይዘጋል። ይህን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ባሳየሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር፤ እኔም እስካሁን ሳስበው ያስደንቀኛል። ምንም ያህል ጎበዝ መሐንዲስ ቢመጣ ይህን ግድግዳ አይንደውም። «የትኛውንም አፈና» የሚለው ወረቀት የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ራዲዮውን ገና ሳልከፍት።

ያም ሆኖ ከግድግዳው ወዲህ ሰፊ ቦታ አለ፤ ራዲዮው መመዘን ያለበት በዚያ ቦታ ነው።

ስፋት ማጥበቢያው በመጀመሪያ ደረጃ ይነሣል። አፋኙ ከጣቢያው ፍሪኩዌንሲ አጠገብ ተጠግቶ እንጂ ልክ በላዩ ካልተቀመጠ፣ ስፋቱን ወደ ሦስት ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ሳጠብበው ጩኸቱ ከበር ውጭ ይቀራል። ንግግሩ ይታፈጋል፣ «ሰ» እና «ፈ» መለየት ያስቸግራል፣ ግን ይሰማል። ልክ በላዩ ሲቀመጥ ማጥበቡ ምንም አይጠቅምም።

ጎን የመምረጥ ችሎታው የዚህ ራዲዮ ጌጥ ነው። በአጭር ሞገድ የሚተላለፍ ንግግር መካከሉ ላይ ተሸካሚ ሞገድ አለው፤ ከበላይና ከበታች ደግሞ አንድ ዓይነት ንግግር የያዙ ሁለት ጎኖች አሉ። ማለትም ማንም ሳያስበው ሁሉም ጣቢያ መልእክቱን በሁለት ቅጂ ይልካል። ራዲዮው ተሸካሚውን ይዞ ከሁለቱ ጎን የፈለጋችሁትን ብቻ ያሰማል። አንድ ማታ በ31 ሜትር ላይ የበላዩን ጎን ፉጨት ሞልቶት ነበር፤ ወደ በታቹ ሳዞረው አንባቢው ክፍሌ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ሆነ። በ41 ሜትር ላይ ግን ዛሬም ሰፊ ነጭ ጫጫታ እንደ ናዳ ሲወርድ እሰማለሁ፤ ያ ሁለቱንም ጎን እኩል ስለሚሸፍን መምረጡ ዋጋ የለውም። ሁለት ቅጂ የሚረዳችሁ ባላጋራው ሁለተኛውን ከረሳ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ተራ የሚመስለውን ማኅደር ነው። የአንድን ስርጭት ፍሪኩዌንሲዎች በተከታታይ አስቀምጬ በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው እዘላለሁ። ከአራቱ ሦስቱ ቢታፈኑ፣ አፈናው ጩኸት ስለሆነ፣ ቀሪው አንዱ ይበቃኛል። አባባ ቤት ሦስት ራዲዮና ሦስት ሰው የጠየቀውን ሥራ ይህ ትንሽ ዕቃ በአንድ አውራ ጣት ይሠራዋል። አባባ ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

ስለ አቅጣጫም ልጨምር፤ ብዙ ገዢ ይሳሳትበታልና። ራዲዮውን ማዞር በአጭር ሞገድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ በውስጡ ያለው ዘንግ አንቴና የሚያገለግለው ለመካከለኛ ሞገድ ነው። እኔ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሽቦ ቀለበት ሠርቼ፣ ከአሮጌ ራዲዮ በፈታሁት ተለዋዋጭ ኮንደንሰር እያስተካከልኩ ሞከርኩ። ቅርብ ካለ ምንጭ በምድር ላይ የሚመጣ ረብሻ ቀለበቱ በአንድ አቅጣጫ ሲቆም ቁልቁል ይወርዳል። ከሰማይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ረብሻ ግን ቀለበቱ አያስቀረውም። በሶቪየት ኅብረት ዘመንም ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ በየከተማው የተተከሉት አፋኞች በዙሪያቸው ያለውን ብቻ በደንብ ስለሚሸፍኑ የሞስኮ ሰዎች ከከተማ ውጭ ወዳሉ የገጠር ቤቶቻቸው ሲወጡ የውጭ ጣቢያዎችን የተሻለ ይሰሙ ነበር። ወደ ሶቪየት ኅብረት ያሰራጭ በነበረው በራዲዮ ነጻነት ላይ የነበረው አፈና የተነሣው በ1988 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። በ2002 ዓ.ም. እኛም አዲስ አበባ እኅቴ ቤት ምንም የማይሰማውን ስርጭት ደብረ ብርሃን አባባ ቤት በከፊል እንሰማው ነበር፤ የ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ትልቅ ጸጋ ነው።

አንድ ወጣት ጎረቤቴ «ታዲያ ጣቢያው ፍሪኩዌንሲውን በየሰከንዱ እየለወጠ ለምን አያመልጥም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ነው። ተዋናይዋ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኙት በዚህ አሳብ ነው፤ ላኪና ተቀባይ የሚያውቁት፣ ባላጋራው የማያውቀው የዝላይ ቅደም ተከተል። ምስጢር ካለ ባላጋራው ዓይኑን ይታወራል፤ የሚመታውም እንደ ዘፈቀደ ጫጫታ ይሆንና ወደ ሻነን ዓለም እንመለሳለን። የሕዝብ ስርጭት ግን ለማንም ሊሰማ የተነገረ ቃል ነው። ቅደም ተከተሉን ለሚሊዮን አድማጭ የነገረ ጣቢያ ለአፋኙም ነግሮታል። መልሶ መጠየቅም የለም። በስልክ ቢሆን «ይድገሙልኝ» ይባላል፤ የሒሳብ ሊቁ በርለካምፕ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ተቀባዩ የደረሰውን ለላኪው ማሳወቅ ከቻለ ድንበሩ ከሩብ ወደ ሲሶ ይገፋል። የአባባ ራዲዮ ግን አፍ አልነበራትም። ምስጢርም መልስም የሌለው መስመር ከሁሉም የተጋለጠ ነው፤ በዚህ ላይ አፋኙ ጎረቤት፣ ጣቢያው ባሕር ማዶ ነው።

የሚቀር አንድ መንገድ አለ፤ ኢላያስ የተባለው የኮድ ተመራማሪ በ1957 እ.ኤ.አ. ያቀረበው። አንድ መልስ ብቻ ካልጠየቅንና አጭር ዝርዝር ከተቀበልን፣ ባላጋራው ከሩብ አልፎ እስከ ግማሽ ድረስ ቢቃረብም እውነቱ ከዝርዝሩ አይወጣም። ስድስት ወይም ስድሳ። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ራዲዮ አይደለም፤ ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ነገ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ጎረቤቱን የሚጠይቅ ሰው ነው። እኔ ከዚህ በኋላ የታፈነ ስርጭት ስሰማ ደብተር ይዤ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ጉድለቶቹን ሳልናገር አላልፍም። ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር በየእርምጃው ድምፁ ለቅጽበት ይቆረጣል፤ በደካማ ጣቢያ ዙሪያ ቀስ ብሎ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሥቃይ ነው፣ የአባባ ራዲዮ በጥርስ ብረትና በክር ስትዞር እንዲህ አትቆራረጥም ነበር። ድምፅ አስተካካዩ ፈጣን ስለሆነ አፋኙ በጮኸ ቁጥር ንግግሩን አብሮ ይጨቁነዋል። ጎን መራጩ ሞገዱ ሲደክም ተሸካሚውን ይለቅና ያፏጫል። አንቴናው ቀጭን ነው፤ የእኔ በሦስተኛው ሳምንት ከሥሩ ላላ። መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሽማግሌ አድማጭ ጎን የሚመረጥበትን ቁልፍ ማግኘት ሙሉ ምሽት ይፈጃል። የጫጫታ መቀነሻ የተባለውንም ሞክሬው ንግግሩን ከማደብዘዝ በቀር ለውጥ አላየሁበትም። ይህ ሁሉ ሆኖ በዋጋው አልጸጸትም።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ወርጄ ወደ ሱቋ ተመለስኩ። ወጣቱ ሻጭ ዕቃ ልመልስ የመጣሁ መስሎት ፊቱ ተለወጠ። ራዲዮው ጥሩ እንደሆነ፣ ወረቀቱ ግን ትክክል እንዳልሆነ ነገርኩት።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ልጄ፣ ከብዙ ፍሪኩዌንሲ አንዱ ክፍት ከሆነ ያሰማል በል። ሁሉም ከተዘጉ የትኛውም ራዲዮ አያሰማም።»

«እንዲህ ብዬ ማን ይገዛኛል?»

አንድ ሌላ ለእኅቴ እንዲያወጣልኝ ጠየቅኩት። ዕቃውን ካወረደ በኋላ እስክሪብቶውን ፈልጎ፣ በአዲሱ ካርቶን ላይ ያለውን ወረቀት ላጠና ከእኔ አፍ እየሰማ ሌላ ጻፈ። «ክፍት» የሚለው ላይ «ት» ን ረስቶ ነበር፤ አሳየሁትና ጨመራት።